የሩስቲካ እጀታ

ሽጉጥ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ያብዳል። ይህን የምለው ከሜዳ አይደለም፤ በሴቡ ደሴት፣ በሽጉጥ ሠሪዎቹ ከተማ በዳናኦ፣ የተኩስ ክለባችን ዳኛ ሆኜ ጸጉሬ የሸበተው እብድ ሳሳልፍ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ሽጉጡን እንደገዛው ይዞ ይመጣል፣ ጨዋ ነው። ከዚያ ጓደኛው የፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ የሚያበራ ቀይ ክር ሲያስገባ ያይና እሱም ያስገባል። ክሩ ደግ ነገር ነው፤ ዓይን ቶሎ ያገኘዋል፣ በተለይ እንደኔ ያረጀ ዓይን። ቀጥሎ የካዝናውን መግቢያ አፍ ያሰፋል። ይኼም አይነቀፍም፤ እየሮጠ ካዝና የሚቀይር ሰው ቀዳዳ ሲያስስ መዋል የለበትም። ከዚያ ቃታውን ያለዝባል፣ የካዝና መልቀቂያዋን ቁልፍ አውራ ጣቱ እንዲደርስባት ያስረዝማል። እዚህ ላይ ቢያቆም ሰው ይሆን ነበር። አያቆምም እንጂ!

ኖንግ ቦኒ ዶሮ ነጋዴው፣ ኖንግ እኛ ዘንድ ታላቅ ወንድምን መጥሪያ ነው፣ ያላቆሙት ሰዎች አለቃ ነው። የእሱ ሽጉጥ ላዩ ላይ ባለመስታወት ማነጣጠሪያ፣ አፈሙዙ ላይ የጭስ መተንፈሻ፣ ጎኑ ላይ የአውራ ጣት ማረፊያ፣ በየቦታው ወርቃማ ብሎን አለው። መጀመሪያ ይዞት የመጣ ዕለት ዞር ዞር ብዬ አየሁትና፣ «ቦኒ፣ ይኼ ያጌጠ ጂፕኒ ታክሲ ወደ ሴቡ ነው የሚሄደው? ስንት ሰው ይጭናል?» አልኩት።

«ቀንተህ ነው ፖርፊ» አለኝ። «ቆንጆ ሚስትና ቆንጆ ሽጉጥ ያለው ሰው ጠላቱ ብዙ ነው።»

«ሚስትህን እናውቃታለን። ስለ ሽጉጡ ብቻ አውራ።»

በዚያው ቀን ዝናብ መጣና መስታወቱ ጉም ለበሰ። ቦኒ ዒላማውን ትቶ ከኋላው የቆመውን የኮኮነት ዛፍ ሊመታ ምንም አልቀረው።

ሩስቲካ ግን በዚህ ሁሉ ግርግር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትሠራው። እጀታ። ሽጉጡ ግራና ቀኝ ጎኑ ላይ የሚለብሳቸውን ሁለት የእንጨት ወይም የቀንድ ቅርፊቶች። ሌላውን ጌጥ ሁሉ ሰው ከሱቅ ገዝቶ ይገጥማል፤ የእሷን ግን ገዝቶ የሚሄድ ሰው አልነበረም፤ እጁን ይዞ መምጣት ነበረበት።

የዳናኦ ልጅ አይደለችም። የተወለደችው ከድልድዩ ማዶ ማክታን ደሴት ላይ፣ ጊታር ሠሪዎች ሰፈር ነው። አባቷ የጊታር አንገት ይጠርብ ነበር፣ እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ አንገቱን በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልስ ነበር። ግሊሴርዮ የሚባለው የኛ ሰፈር ሽጉጥ ሠሪ አንድ የበዓል ቀን እዚያ ሄዶ ጊታር ሊገዛ ፈለገና ሚስት ይዞ ተመለሰ። ጊታሩንም አልገዛም። በዳናኦ በየጓሮው ሞረድ ይጮኻል፣ ብረት የማያውቅ ሰው እንደ ሰነፍ ይቆጠራል፤ አማቷም ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ዘፋኝ አገባ፣ እንግዲህ ጥይት ሲያልቅብን ትዝፈንልን» እያለች ስታሾፍ ከረመች። ሩስቲካ ትሰማለች፣ ዓሣዋን ትጠብሳለች።

አንድ ቀን ግን አንድ ደንበኛ እየተበሳጨ መጣ። ሽጉጡ እጁን ይልጠዋል። ግሊሴርዮ ብረቱን ፈታው፣ ገጠመው፣ ሞረደው፣ እንደገና ፈታው። ምንም አላገኘም። ሩስቲካ ከማጀት ወጥታ ሽጉጡን ሳታይ የሰውየውን መዳፍ ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው። እኔ እዚያው በር ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። መዳፉን እንደ ደብዳቤ አነበበችው ማለት ይቻላል፤ የት እንደቀላ፣ የት እንደጠነከረ፣ አውራ ጣቱ ሥር ያለው ሥጋ ወዴት እንደሚሸሽ አየች። ከዚያ ፋብሪካው የለጠፈበትን ላስቲክ አውልቃ ጣለችና ከአባቷ ቤት ካመጣችው የጊታር ትርፍራፊ እንጨት ሁለት ቅርፊት ጠረበች። ሰውየው በሌላ ቀን ሲመለስ ለግሊሴርዮ ሰላምታ እንኳ አልሰጠም። በቀጥታ ወደ ማጀት ሄደና፣ «እመቤቴ፣ ሽጉጡ ጠፋ» አላት። «እጄ ብቻ ነው የቀረው።»

አማቷ ከዚያ ወዲያ «ምራቴ» ማለት ጀመረች። ዘፋኝ የሚለው ስም ለሌላ ሰው ተላለፈ።

አሁን ስለ አሠራሯ ልንገራችሁ፤ ዳናኦ ውስጥ ሰው የሚስቅበትም የሚገረምበትም እሱ ነው። አንድ ትልቅ ሆቴል ያለው ሰው ከሴቡ ከተማ መጣ። ነጭ ጫማ አድርጓል፣ ጸጉሩ በቅባት ተኝቷል።

«ናንግ ሩስቲካ፣ እጄን ሊለኩልኝ ነው የመጣሁት» አላት። ናንግ ማለት እኛ ዘንድ ታላቅ እህትን መጥሪያ ነው፣ ሰውየው በዕድሜ ቢበልጣትም።

«እጅዎ ደክሟል?» አለችው።

«ኧረ በፍጹም! አሁን ከቁርስ ተነሥቼ ነው።»

«እንግዲያው ሄደው ያድክሙት። ያውና ባሕሩ ዳር ልጆቹ መረብ እየጎተቱ ነው። መረቡ ሲወጣ ይምጡ፣ እጅዎን ሳይታጠቡ።»

ሰውየው የምትቀልድ መሰለው። እኔን አየኝ። እኔም ትከሻዬን ነቀነቅሁ፤ ምን ላድርግ? ጫማውን አውልቆ ሄደ። ዓሣ አጥማጆቹ እሱን ሲያዩ «ናንግ! ዛሬስ ወፍራም ሰው ላክሽልን፣ እግዜር ይስጥሽ!» ብለው ጮኹ። ሰውየው ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ መዳፉ በገመድ ቀልቶ ሲመለስ ሩስቲካ ለስላሳ ሰም ሰጠችውና «ሽጉጥ ነው ብለው ይያዙት» አለችው። ያዘው። እጁ ደክሞ ስለነበር ማስመሰል አልቻለም፤ ትንሿ ጣቱ ከፍ አለች፣ አንጓው ወደ ውስጥ ዞረ። እሷም ያን የተጨበጠ ሰም እንደ ዕንቁላል ተቀብላ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው።

«ያረፈ እጅ ይዋሻል» ትል ነበር። «እንግዳ ፊት እንዳለ ልጅ ነው፣ ጨዋ ይመስላል። አመሉ የሚወጣው ሲደክም ነው።»

ክፉዎች ናንግ ሩስቲካ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ተስማምታ ነጻ ጉልበት ታቀርባለች ይሉ ነበር። ከየመረቡ ድርሻዋ እንደሚመጣላት እኔም አልክድም፤ ዓሣም አይጠላም። ግን ያንን መደርደሪያ ያየ ሰው አይስቅም። ከወለል እስከ ጣራ የተደረደረ የሰው ጭብጥ ነው። የሞቱ ሰዎች ጭብጥ አለ፣ የካህን ጭብጥ አለ፣ የኔም አለ። በዚያ መደርደሪያ ፊት ስቆም ቤተ ክርስቲያን የገባሁ ይመስል ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር፤ አሁንም አደርጋለሁ።

ጁቪ የሩስቲካ እህት ልጅ ናት። እናቷ ስትሞትባት ሩስቲካ ወሰደቻት፤ የራሷ ልጅ ስላልነበራት እንደ ልጇ ያዘቻት። ልጅቱ ከአጎቷ ብረት፣ ከአክስቷ እንጨት ተማረች፤ የሚተኩሰው እጅ ግን ከማን እንደመጣ አላውቅም። እኔ ብዙ ተኳሽ አይቻለሁ። ብዙዎቹ ሽጉጡን ሲታገሉት ታያላችሁ። ጁቪ ግን ዒላማውን ታያለች፣ ሽጉጡ ራሱ የሚሄድ ይመስላል። ገና ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ እያለ ክለቡ ውስጥ ከእሷ ጋር ተወዳድሮ ፊቱ ያልቀላ ወንድ አልነበረም።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ሩስቲካ የጎሽ ቀንድ በኤሌክትሪክ መጋዝ እየቆረጠች ነበር፣ ጁቪ ቀንዱን ከወዲያ ማዶ ይዛላታለች። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚሠሩት፤ አንዷ ትገፋለች፣ አንዷ ትይዛለች። ቀንዱ ውስጥ ከላይ የማይታይ ስንጥቅ ነበረ። መጋዙ ስንጥቁ ላይ ሲደርስ ቀንዱን ነጠቀው፣ ቀንዱ ደግሞ የልጅቱን እጅ ይዞ ሄደ። የቀኝ እጇ ትንሿ ጣትና አጠገቧ ያለችው የቀለበት ጣት ከሥራቸው ሄዱ።

የማንም ጥፋት አልነበረም። ይህን ያልነገራት ሰው የለም። ሩስቲካ ግን መጋዙን ለጎረቤት ሰጠች፣ ቀንዶቹን ባሕር ውስጥ ጣለች፣ በሯን ዘጋች። ሰው እጁን ይዞ ቢመጣ «ታምሜያለሁ» ትለው ነበር። ግሊሴርዮ በዚያው ሰሞን ሞተ፤ ቤቱ የሞረድ ድምፅ የማይሰማበት የሰፈሩ ብቸኛ ቤት ሆነ።

ጁቪ ሦስት ጣት ይዛ ሹራብ መሥራት ተማረች፣ ሞተር መንዳት ተማረች፣ ዓሣ መብላት ተማረች። ሽጉጡ ግን እምቢ አላት። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ሽጉጥ በሁለት እጅ ሲያዝ ቀኝ እጅ እጀታውን ይጨብጣል፣ ግራ እጅ ደግሞ የቀኙን ጣቶች ከላይ አቅፎ ይይዛል። የጁቪ ግራ እጅ ሊያቅፍ ሲሄድ ሁለቱን ጣቶች አያገኛቸውም። ባዶ ነው። እዚያ ባዶ ላይ ሽጉጡ በተተኮሰ ቁጥር ይጠመዘዛል፤ ሁለተኛዋ ጥይት ከመጀመሪያዋ አንድ ክንድ ርቃ ትሄዳለች። ልጅቱ ይህን እያየች ከንፈሯን ስትነክስ አይቼ ፊቴን ያዞርኩበት ቀን አለ።

የደሴቶቹ ውድድር ሲቃረብ ጁቪ አክስቷ ፊት ቆመች። እኔ ቱባ እየጠጣሁ ነበር፣ የኮኮነት ጠላ በሉት።

«ቲያ፣ እጀታ ሥሪልኝ» አለች፤ አክስቴ ማለቷ ነው።

ሩስቲካ አቀርቅራ ዓሣ ትከፍት ነበር። «ሌላ ሠሪ አለ» አለች።

«ሌላ ሠሪ አልፈልግም። በራሴ ክፍል ነው የምወዳደረው፣ መስታወት ከሌላቸው ጋር። ሽጉጡ እጄ ውስጥ ከጸና ጸና። ካልጸና ለክለቡ መልሼ ዳግመኛ አልነካውም። ኖንግ ፖርፊ ምስክሬ ናቸው።»

«እኔ ጠላዬን ልጠጣ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ምስክሬ ነዎት!»

«እሺ፣ ምስክር ነኝ፣ አትቆጪ።»

ሩስቲካ ቢላዋውን አስቀመጠች። ከዚያ «እሠራለሁ» አለች። መረቡን ጎትቺ ግን አላላቻትም። ሰምም አልሰጠቻትም። ነገሩ ገርሞኝ ነበር፤ «ለካህን እንኳ ያልተውሽውን ለእሷ ለምን ተውሽ?» ልላት አሰብኩና ተውኩት። ሴትየዋ ያን ያህል ዘመን የዘጋችውን በር ስትከፍት መሐል ገብቶ ማውራት ነውር ነው።

የውድድሩ ጠዋት ሜዳው ላይ ሣር አይታይም ነበር፣ ሰው ብቻ። ከየደሴቱ መጥተዋል። ጁቪ ከሁሉ ቀድማ መጥታ ከወጣቶቹ ጋር የዒላማ እንጨት ስትተክል፣ መዶሻ ስትመታ አረፈደች፤ ክለባችን ተረኛ አስተናጋጅ ስለነበር ተወዳዳሪውም ሠራተኛው እኛው ነን። እኔ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ይዤ ሳጥኔን አስቀመጥኩ። መስታወት የሌላቸው ሽጉጦች ክፍል ውስጥ የሚወዳደር ሰው ሽጉጡ ካዝናው እንደገባ በዚያች ሳጥን ውስጥ መተኛት አለበት። ከረዘመ፣ ከወፈረ፣ ከሰፋ አይገባም። ያልገባ ከነቦኒ ጋር፣ ከባለመስታወቶቹ ጋር ይተኩሳል። ሳጥኗን ማንም አይከራከራትም። ጳጳስ ሽጉጥ ይዞ ቢመጣ ለጳጳስም አልራራ።

ጁቪ ባዶ መሆኑን አሳይታ ሽጉጧን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እኔም አጎንብሼ እጀታውን አየሁት።

ሩስቲካ ሁለት ጣቶች ጠርባ ነበር። በግራው ቅርፊት ላይ፣ ከሽጉጡ ፊት ዞረው መጥተው እጀታውን የሚያቅፉ፣ ከቀይ እንጨት የወጡ ሁለት የሴት ልጅ ጣቶች። ግራ እጅ ሲመጣ የሚያቅፈው እንዲያገኝ ነው። አንጓቸው እጥፍ ብሏል። ቆዳው አንጓ ላይ የሚሠራው ትንንሽ ሽብሽብ ሳይቀር አለ። ትንሿ ጣት ላይ ጁቪ ሕፃን ሆና በዓሣ መንጠቆ የተወጋችበት ጠባሳ ነበረ፤ እሱም አለ። እነዚያን ጣቶች አውቃቸው ነበር። ስንት ጊዜ ጨብጫቸዋለሁ። አማተብኩ። ከኋላ የተሰለፉት ሰዎች አንገታቸውን አስግገው እያዩ ጫጫታቸው አንድ በአንድ ቆመ። ቦኒ እንኳ ባርኔጣውን አወለቀ።

ከዚያ ሽጉጡን አንሥቼ ሳጥኑ ውስጥ አስገባሁት። አልገባም። በጎኑ ሞከርኩ። ቀስ ብዬ ሞከርኩ። ጣቶቹ ከሳጥኑ ጠርዝ በላይ ቆመው ቀሩ።

«አልገባም» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ጁቪ ፊቷ አልተለወጠም። ሩስቲካ ግን ከሰዎቹ መሐል ወጥታ መጣች። «እንደገና ሞክረው ፖርፊ።»

«ሞክሬዋለሁ እኮ።»

«እባክህ።»

እባክህ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነበር፤ አብረን ያረጀን ሰዎች ነን። እንደገና ሞከርኩ። አልገባም። «ከባለመስታወቶቹ ጋር ትተኩስ» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «በራሴ ክፍል ብያለሁ» አለች ጁቪ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር።

«ከየትኛው ሰም ነው የሠራሽው?» አልኳት ሩስቲካን ቀስ ብዬ።

«ከድሮው» አለች። «ልጅ ሆና የጨበጠችውን። መደርደሪያው ላይ አለ።»

«መረቡን ለምን አላስጎተትሻትም?»

«የአሁኑን እጇን እንዴት ልየው?» አለችና እንባዋ መጣ። «አንተ ትችላለህ? እኔ አልችልም። አይቼው አላውቅም ፖርፊ። ምግብ ስሰጣት ሳህኑን ነው የማየው።»

ይህን ጁቪ ሰማች። እኔ ብሆን አለቅስ ነበር፣ ወይም እቆጣ ነበር። እሷ ቀኝ እጇን አክስቷ ፊት ዘረጋችው። ጭቃ አለበት፣ የእንጨት ስንጥር አለበት፣ መዶሻው አቅልቶታል።

«ከንጋት ጀምሬ የዒላማ እንጨት ስተክል ነው ያረፈድኩት ቲያ» አለች። «እጄ ደክሟል። አሁን እዪው።»

ሩስቲካ አየችው። መጀመሪያ በዓይኗ ዳር፣ ከዚያ በሙሉ ዓይኗ። እጁን ያዘችው፣ ወደ ብርሃን አዞረችው። የዚያን የመጀመሪያ ደንበኛ መዳፍ ስታነብ ያየኋት ሴት ተመልሳ መጣች። ጣቶቹ የነበሩበትን ጠባሳ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። «ሽጉጡን ያዢው» አለች። «እንጨቱን አውልቂና ባዶውን ያዢው። ግራሽንም አምጪ።»

እኔ ጥይት ወደማይገባበት ወደ መፈተሻው ጥግ ወሰድኳቸው። ጁቪ በካቻቢቴ የግራውን ቅርፊት ፈትታ ሽጉጡን በሁለት እጇ ያዘችው። የግራ እጇ ጣቶች መጡ፣ ሊያቅፏቸው የሚገቡትን ጣቶች አጡ፣ አልፈው ሄዱ። አልፈው ሄደው ሽጉጡን ራሱን ያዙት፤ ብረቱን።

ሩስቲካ አፏን ከፈተች። «ፖርፊ፣ ና እይ» አለች። «ና እይ! የሌላ ሰው ግራ እጅ የሚይዘው የራሱን ጣት ነው። የሷ ሽጉጡን ያገኘዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ ቦታውን ዘግቼባታለሁ፤ ግራ እጇ የሚገባበትን ቤት በእንጨት ሞልቼ ዘግቼባታለሁ!»

«ስለዚህ ቁረጪው» አለች ጁቪ።

የነበረን መጋዝ የዒላማ እንጨት የምንቆርጥበት የእጅ መጋዝ ብቻ ነው። እንጨት ጨብጦ የሚይዝ ሞርሳ የለንም። የቦኒን መኪና የኋላ መዝጊያ አወረድነውና ቅርፊቱ እዚያ ላይ ተቀመጠ። አንድ ሰው መያዝ አለበት፣ ሌላ ሰው መቁረጥ አለበት። ሩስቲካ መጋዙን አንሥታ ቆመች። እኔ ልይዝ ስጠጋ ጁቪ በክርኗ ገፋችኝ። ቅርፊቱን በቀኝ እጇ፣ በሦስቱ ጣቶቿ፣ ከመጋዙ መንገድ አጠገብ ይዛ መኪናው ላይ ተጫነችው።

«አንቺ አትይዢውም» አለች ሩስቲካ። «ፖርፊ ይያዝ። ቦኒ ይያዝ። ማንም ይያዝ!»

«እኔ ነኝ የምይዝልሽ» አለች ጁቪ። «ሁልጊዜም እኔ ነኝ የምይዝልሽ። ቁረጪ ቲያ፣ ቡድኔ ሊጠራ ነው።»

ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ነበር። ከማዶው ሜዳ ተኩስ ይሰማል። ሩስቲካ የያዘችው መጋዝ እንጨቱ ላይ ቶክ ቶክ አለ። ልጅቱ እጇን አላሸሸችም፤ የአክስቷን ፊት እንጂ መጋዙን አላየችም። ከዚያ መጋዙ ጸጥ አለ። ሩስቲካ ወደ ውስጥ ተነፈሰችና ቆረጠች። ቀስ ብላ፣ ቀጥ አድርጋ፣ ያን ሁሉ የደከመችበትን ሽብሽብ፣ ያን ጠባሳ፣ ከሥሩ። ሁለቱ ጣቶች መኪናው ላይ ወደቁ። ማንም አልነካቸውም። እኔ በሕይወቴ ብዙ ደፋር አይቻለሁ፣ ሽጉጥ ይዘው የሚጨፍሩ ጀግኖችንም አውቃለሁ፤ እንደነዚያ ሁለት ሴቶች ያለ ድፍረት ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ሩስቲካ ሌላ ሴት ሆነች። «ሞረድ! ብርጭቆ ወረቀት! ቦኒ፣ ያን ሆድህን ከብርሃኑ አንሣልኝ!» ትላለች። የተቆረጠውን አለዘበችው፣ ግራ እጅ የሚመጣበትን ጎን ለግራ እጅ አጎደጎደችለት፣ ላብ እንዳያንሸራትት በሞረዱ ጠርዝ ሸካራ አደረገችው። በየመሐሉ «ያዢ» ትላለች፣ ጁቪ ትይዛለች፣ እሷ እጁን ታያለች። እጁን ነበር የምታየው፤ እንጨቱን አልነበረም። የልጅቱ ቡድን ሲጠራ ብሎኑን እያጠበቀች ነበር።

ሳጥኑ ውስጥ አስገባሁት። ተኛ። ጎኑ ላይ ቦታ ተረፈው።

የተኩሱ ዳኛም እኔ ነበርኩ። «አጉርሺ፣ ተዘጋጂ» አልኳት። «ተዘጋጅተሻል?» ራሷን ነቀነቀች። «ተጠንቀቂ!» የጊዜ መቁጠሪያው ጮኸ፣ ሽጉጡ ከወገቧ ወጣ፣ ሁለቱ እጆች ተገናኙ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስከ ዛሬ ለሰው ስነግር ቃል ያጥረኛል። ሽጉጡ አይጠመዘዝም፣ አፈሙዙ አይዘልልም። ቀለሁ በቀኝ በኩል ይረግፋል፣ የብረት ሳህን ዒላማዎቹ ተራ በተራ ይወድቃሉ፣ እሷ ትሮጣለች፣ ካዝና ትቀይራለች፣ ሽጉጡ ግን ከመሬት የበቀለ ይመስል እዚያው እጇ ውስጥ ነው። የወረቀት ዒላማዎቹን ቀዳዳ ልቆጥር ስሄድ ሁለት ሁለቱ ጥይት በአንድ ሳንቲም ሊሸፈን የሚችል ቦታ ላይ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ።

«ኖንግ ፖርፊ፣ ምን ሆኑ?» አለችኝ።

«ምስክር ነኝ» አልኩ።

አንደኛ አልወጣችም። ያን ያህል ጊዜ ያልተኮሰ ሰው እግሩ ይረሳል፣ ሜዳው ላይ ከተተከሉት የመተኮሻ በሮች አንዱ ላይ ተሳስታ ጊዜ አባከነች፣ ከቦሆል ደሴት የመጣች ልጅ ቀደመቻት። ማንም ስለዚያ አላወራም። ውድድሩ እንዳለቀ ከነሳጥኔ ወደ ዛፉ ሥር ሄድኩ፤ ሴቶቹ ዓሣ ሊጠብሱ ከሰል አያይዘዋል፣ በኮኮነት ቅጠል የተቋጠረው ሩዝ ተሰቅሏል። ሩስቲካ እሳቱ አጠገብ ተቀምጣ ሁለቱን የእንጨት ጣቶች እጇ ውስጥ ይዛለች። የሚገዛቸው ሰው መጥቶ ነበር፤ ያ ባለ ሆቴሉ፣ መስታወት ውስጥ አስቀምጣቸዋለሁ እያለ። እኔም በልቤ ክለቡ ግድግዳ ላይ እንሰቅላቸው ይሆን እያልኩ ነበር። ደግሞም እንደዚያ ያለ ሥራ ዳናኦ ውስጥ ዳግመኛ አይሠራም።

«ሩስቲካ፣ ምን ልታደርጊያቸው ነው?» አልኳት።

ከሰሉን በመቆስቆሻ ፈልፍላ ጣቶቹን ፍሙ መሐል አኖረቻቸው። ቀይ እንጨት ነውና ቶሎ አልያዘም፤ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ አንጓዎቹ ላይ ትንሽ ነበልባል ወጣ። አላለቀሰችም። ዓሣውን ከላይ ዘረጋችው።

ጁቪ መጥታ ጎኗ ቁጭ አለች። ምን እየነደደ እንደሆነ አየች። ዓሣው ሲደርስ ሩስቲካ ሳህኑን ዘረጋችላት። ጁቪ ልትቀበል እጇን ስትልክ ሩስቲካ ሳህኑን አልለቀቀችም፤ የልጅቱን እጅ ከሳህኑ ጋር አብራ ይዛ፣ ሦስቱን ጣቶች እያየች ቆየች።

«ስንጥር አለብሽ» አለቻት። «ብይና ና፣ አወጣልሻለሁ።»